ቀይ የወጣው ክንድ

ክንዴ ላይ የሚጠመጠመው ባለ ቀለም መለኪያ የበላሁትን ምግብ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ሲስተር ሰርክአዲስ ሁልጊዜ ከምሳ በፊት ሰሌዳው ፊት ትቆምና «ሰሀናችን ላይ ስንት ቀለም መኖር አለበት?» ትለናለች። «ሦስት!» ብለን እንጮኻለን። አረንጓዴው ጎመን፣ ቢጫው ስኳር ድንች፣ ቀዩ ቲማቲም። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ያንን ስስ ላስቲክ ከጋዋኗ ኪስ ታወጣና በየተራ የግራ ክንዳችን ላይ ትጠመጥመዋለች። እሱም ላይ ያሉት እነዚያው ሦስት ቀለሞች ናቸው። ታዲያ የሰባት ዓመት ልጅ ምን ብላ ታስብ? ቢጫ ከወጣብሽ ስኳር ድንች አብዝተሻል፤ አረንጓዴ ከወጣልሽ ጎመንሽን ጨርሰሻል፤ ቀይ ከወጣ ግን ቲማቲሙንም ሥጋውንም ከሆነ ቦታ አግኝተሻል ማለት ነው።

የእኔ ክንድ ሁልጊዜ ቢጫ ነበር።

ልኬቱ ለእኛ ጨዋታ ነበር። ሲስተር መለኪያውን ስታጠብቀው ሁላችንም አንገታችንን አስግገን እናያለን፤ የወጣውን ቀለም እኩል እንጮኻለን፤ ከዚያ እናጨበጭባለን። አረንጓዴ የወጣለት ልጅ ይመረቃል። ውቢት፣ ምግብ የምታበስልልን ሴትዮ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል በእጁ ታስይዘውና እልል ብላ ትሸኘዋለች። እኔ ያንን እልልታ ፈልጌ ጎመኔን ሳላኝክ እውጥ ነበር።

የምገባ ቤታችን ጭሮ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አብዱልቃዲር የሚባል የጫት ነጋዴ ለሰፈሩ የለቀቀው አሮጌ መጋዘን ነው። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ካሮትና ዓሣ ተስሎበታል። ዓሣ ከመካከላችን ያየ አልነበረም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሲሚንቶው ሥር የድሮው የጫት ሽታ ይነሳና ከውቢት ሽንኩርት ጋር ይደባለቃል። እስከ ዛሬ እርጥብ ቅጠል ሲሸተኝ ይርበኛል።

ሕጉ ሁለት ነበር። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይበላል። ምግብ ደግሞ ከበሩ አይወጣም፤ ለሌላ ሰውም አይሰጥም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሰሀን እዚያው ተቀምጦ ይጨርሳል። ከእኛ ቤት የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ሳቢር ገና በሁለት ዓመቱ ነበር፤ እንደሱ ትንንሾቹን ምገባ ቤቱ አይቀበልም። እኔ ግን እናቴ ስለምታስበልጠኝ የመረጠችኝ መስሎኝ ነበር። መንገድ ላይ እሱን አዝላ ስትሸኘኝ ዘወር እያልኩ ምላሴን አወጣበታለሁ።

እናቴ መይሙና ጫት ቤት ትሠራ ነበር። ከሌሎች ሴቶች ጋር በረንዳ ላይ ተደርድረው ጫቱን ይለቅማሉ፣ ያስራሉ፣ በኮባ ይጠቀልላሉ። አባቴ መህዲ ሚኤሶ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ሲመጣ ዘይትና ስኳር ይዞ ይመጣል። ያን ዓመት ሳይመጣ ብዙ ቆየ።

እኛ ሰፈር ሰደቃ በልቶ የመጣ ሰው ማታ የቤቱን ትሪ አይነካም። ጎረቤት አርዶ ሲጠራ የሄደው እዚያ ይበላል፤ የቀረው ድርሻው ከነጭማሪው ቤት ይጠብቀዋል። አባቴ እንኳ ከሰደቃ ሲመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥና እኛ ስንበላ እያየ፣ «አልሀምዱሊላህ፣ እኔ ድርሻዬን በልቼ መጥቻለሁ» ይላል። እጁን ቢዘረጋ ነውር ነው። ቤት የዋሉትን ሰዎች ድርሻ መንካት ይሆንበታል።

እናቴ ምገባ ቤቱን ሰደቃ አድርጋ ቆጠረችው። ተሳስታ ነው ማለት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ለአላህ ተብሎ የሚሰጥ ምግብ ሌላ ምን ስም አለው? ስለዚህ ማታ የማሽላ ቂጣውን ቆርሳ ሳቢር ፊት ታደርጋለች፤ ለእኔ በጣሳ ሆጃ ትቀዳልኛለች። ሆጃ የቡና ቅጠል ተፈልቶ በወተት ነው የሚጠጣው፤ የእኛ ወተት አልነበረውም፤ ጨው ብቻ።

«አንቺ የሰደቃ ሰው ነሽ፣ ኢንታላ ኮ» ትለኛለች። ልጄ ማለቷ ነው። «ሦስት ዓይነት ወጥ በልተሽ መጥተሽ ከዚህ ሕፃን ጋር ቂጣ ትሻሚያለሽ?»

«አልሻማም» እላለሁ። አባቴ የሚቀመጥበት ቦታ ሄጄ ግድግዳውን እደገፋለሁ፤ እንደሱም ድምፄን ጎርነን አድርጌ አልሀምዱሊላህ እላለሁ። እናቴ ትስቃለች። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ሌሊት ሆዴ ሲጮህ ጎመኑ እየተፈጨ ነው ብዬ አዳምጠው ነበር።

«አንቺስ እማ?» እላታለሁ አንዳንዴ።

«እኔ ጫት ቤት በልቻለሁ።»

አምናታለሁ፤ ማስረጃ ነበረኛ። ስትስቅ ጥርሷ ሥር አረንጓዴ አያለሁ። ጫት ቤት ጎመን ነው የሚያበሏቸው ብዬ ደመደምኩ። ደስም አለኝ፤ ሲስተር የምትለውን እናቴም እየፈጸመች ነው።

ጫት ቤት ለለቃሚ ሴቶች ምግብ የሚያቀርብ ሰው አልነበረም። ጥርሷ ላይ የነበረው ገራባ ነው፤ ለገዢ የማይሆነው፣ ተጠራርጎ ለፍየል የሚሰጠው ቅጠል። ረሀብ ያስረሳል። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ እዚያው በረንዳ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ስለቅም ነው። እሷ አልነገረችኝም፤ እኔም አይቼ ዝም አልኩ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ሆድ እየገፋ መጣ። እኛ ሰፈር ስለ እርግዝና ለልጅ አይነገርም፤ ዓይን ይፈራል። ልብሷን ሰፋ አድርጋ፣ ሻሿን እላዩ ላይ ጥላ ትሄዳለች። ያየችው ጣሂራ ናት። ጣሂራ ምገባ ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ፣ አፏ ስለት የሆነ ልጅ ነበረች።

«እናትሽ ወፍራለች አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ካሮቷን በጣቷ እየገፋች።

«አልወፈረችም።»

«ሆዷን አላየሽውም? አንቺ ማታ አልበላም ብለሽኛል። ታዲያ ያንቺን እራት ማን በላው?»

«ሳቢር።»

«ሳቢር! ያ ጫጩት?» ሳቀች። «እናትሽ ናት የምትበላብሽ፣ ሞኝ።»

ሰሀኗን ልገለብጥባት አሰብኩና ቲማቲሙ አሳዘነኝ። ግን ነገሩ ውስጤ ገባ። ማታ እናቴ ለሳቢር ስትቆርስ እጇን መከታተል ጀመርኩ። ወደ አፏ የገባ ነገር አላየሁም። እኔ ስተኛ ነው ማለት ነው አልኩ።

በቀጣዩ ሐሙስ ሲስተር ሰርክአዲስ ክንዴን ለካች። «ቢጫ!» ብለው ልጆቹ ጮኹ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ወጣት ነርስ ናት፤ ስትቆጣ እንኳ ድምፅዋ ከፍ አይልም። መለኪያውን ፈትታ እንደገና ጠመጠመችው።

«ሰልዋ፣ ምሳሽን ትጨርሻለሽ?»

«ሰሀኔን እልሳለሁ።»

«እውነቷን ነው!» አለች ውቢት ከማድ ቤቱ በር። «የሷን ሰሀን ማጠብ እኮ ትቻለሁ።»

«ማታስ? ማታ ምን ትበያለሽ?»

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው የኖርኩ ይመስል ቀና ብዬ ቆምኩ። «ማታ አልበላም። እኔ የሰደቃ ሰው ነኝ።»

ሲስተር መለኪያውን ፈታች። «ማን ነው ያለሽ?»

«እማ።»

«ነገ እናትሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

ልመረቅ ነው ብዬ ቤቴ ድረስ ሮጥኩ።

እናቴ ያን ዕለት ማታ ልብሷን አጠበች። ጠዋት ለዒድ የምታደርገውን ሻሽ ከሣጥን አወጣች፣ ሳቢርን አዘለች። ጣቶቿ ላይ የጫቱ ጥቁረት አልለቅ ስላላት በአመድ ፈተገቻቸው። መንገድ ላይ፣ «ምን አጥፍተሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም። የምመረቅ ይመስለኛል።»

«ኢንሻአላህ» አለች፤ ፊቷ ፈካ። ስታልፍ ለምታያቸው ሴቶች ሁሉ ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ሰላምታ ትሰጥ ነበር።

ዓርብ የእናቶች ትምህርት ቀን መሆኑን አላወቅንም። ስንገባ ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ሞልተዋል፤ እኛ ልጆች በግድግዳው ሥር ምንጣፍ ላይ ነን። ሲስተር እናቴን ለብቻ ጠርታ ማነጋገር ትችል ነበር። ለሁሉም ትምህርት ይሆናል ብላ መሰለኝ፤ ሰሌዳው ፊት አቆመቻት።

«እናቶች፣ ስሙኝ» አለች። «እዚህ የምንሰጠው ምሳ የቤቱ እራት ላይ የሚጨመር ነው። በእራቱ ፈንታ የሚሰጥ አይደለም። ይቺ ልጅ ከመጣች ጀምሮ ቢጫ ናት። ለምን? ቤቷ እራት አትበላማ። ልጁ ተመርቆ ቦታው እንዳይለቀቅባቸው ብለው ልጅ የሚያስርቡ ወላጆች አሉ፤ ይሄ ያሳፍራል።»

እናቴ መጀመሪያ ነገሩ ስለ ሌላ ሰው መስሏት ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጥ ነበር። ከዚያ አየችኝ።

«ወላሂ ሲስተር፣ እኔ ልጅ አላስርብም» አለች። ሲጨንቃት አማርኛዋ ይሰባበራል። «እሷ እዚህ ትበላ። ትንሹ ቤት ይበላ። ሁለቱም በሉ፤ አይደል?»

«አንቺስ የት ነው የምትበዪው?»

«እኔ ጫት ቤት እበላ።»

ከአግዳሚው አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣት። «ጫት ቤት? የትኛው ነው ምግብ የሚሰጠው አዴ መይሙና? እኔንም አስገቢኝ እንጂ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም አፏን በእጇ ሸፍና አብራ ሳቀች። ጣሂራ በክርኗ ጎሸመችኝ። የዒዱ ሻሽ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል በጣም ደምቆ ታየኝ፤ ባታደርገው ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

«ቀልዱን እንተወው» አለች ሲስተር። «በር ላይ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ይሄ ካልተስተካከለ የሰልዋን ቦታ ከሰኞ ጀምሮ ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

ሰሀኔን፣ ዕንቁላሉን፣ እልልታውን አሰብኩ። እናቴም ሰምታለች። «የለም፣ የለም» አለች ፈጥና፣ «አበላታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አበላታለሁ።» ከምን እንደምታበላኝ ግን አልተናገረችም።

ሳቢር ጀርባዋ ላይ ተንሸራተተ። ወደ ላይ ልትገፋው እጇን ስታነሳ የቀሚሷ እጅጌ እስከ ትከሻዋ ወረደ። ሲስተር የእናቴን ክንድ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደችና ሌላ መለኪያ አመጣች፤ ከእኛው ረዘም ያለ፣ የትልቅ ሰው።

«እስቲ ክንድሽን።»

«ተይ ሲስተር። ሰው ፊት።»

«አንዴ ብቻ።»

እናቴ እጅጌዋን ለመጎተት ሞከረች። ሲስተር ቀድማ ያዘቻት። ላስቲኩ ዞረ፣ ተሳበ፣ ገና ተሳበ። እኛ ልጆች እንደ ልማዳችን አንገታችንን አሰገግን። ሲስተር ወደ ራሷ ልትሸፍነው ስትዞር እኛ ቀድመን አየነው።

«ቀይ!» ብለን ጮኽን። አጨበጨብን።

ያጨበጨብነው እኛ ብቻ ነበርን። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ ቅድም የሳቀችዋ ሴት ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታለች። እኔም ጭብጨባዬን አቆምኩ፤ ግን በሌላ ምክንያት። ቀይ! ቲማቲም። ሥጋ። ጣሂራ ልክ ነበረች ማለት ነው። ያ ሁሉ ማታ እኔ ጨዋማ ሆጃ እየጠጣሁ እናቴ ቀይ ቀዩን ስትበላ ኖራለች። ሆዷም ይኸው። ክንዷም ይኸው፤ መለኪያው ራሱ ተናገረባት።

የቀዩን ትርጉም ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መሰላ ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነው። ነርሷ ያንኑ ረጅም መለኪያ ክንዴ ላይ ጠመጠመችና፣ «ጎበዝ፣ አረንጓዴ ነሽ» አለችኝ። «ቀይ ቢሆንስ?» አልኳት ለወሬ ያህል። «ቀይ ማለትማ እናትየዋ ራሷን በልታ ልጁን እያኖረችው ነው» አለችኝና ቀጣይዋን ጠራች። ውጭ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። ደወልኩላት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሳቢር፣ ስለ እህቴ ስለ ሹክሪያ ትምህርት አወራን። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ የነበረችው ሹክሪያ ናት። ዋናውን ነገር ለመናገር አፌን ከፈትኩና፣ «እማ፣ በልተሻል?» ብቻ አልኳት። «በልቻለሁ፣ አልሀምዱሊላህ» አለችኝ። እንደ ድሮው ማመን አቃተኝ። ባለፈው ክረምት ቀበርናት፤ ገናዦቹ ሲያጥቧት ክንዷን ማየት አልቻልኩም፤ ዞሬ ቆምኩ።

የዚያን ዓርብ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ሲስተር ሰርክአዲስ መለኪያውን ጠቅልላ ጠቅልላ መጨረሻው ሲጠፋባት ማየቴን ብቻ ነው።

«ስንት ወርዎት ነው?» አለች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። እናቴ ሻሿን ሆዷ ላይ ጎተተች። ሲስተር ወደ ማድ ቤቱ ዞረች። «ውቢት፣ ሰሀን» አለች።

«የማንን?» አለች ውቢት።

«ከአንድ ቤት አንድ ነው። የሰልዋን።»

ውቢት ሰማያዊውን ሰሀኔን አመጣች። ጎመን፣ ስኳር ድንች፣ ቲማቲም፤ ከላይ ለሁለት የተከፈለ ዕንቁላል አለበት። ያን ያህል ሞልታ ለእኔ ጨልፋልኝ አታውቅም። እናቴ እጇን ወደኋላ ሰበሰበች።

«የልጄ ነው» አለች። «እኔ አልነካም። የልጅ ምግብ ሀራም ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ማንም አይበላውም» አለች ሲስተር። ዓይኗ ቀልቷል። «እባክዎ። ለሰልዋ ሌላ መላ እፈልጋለሁ፤ ማልኩልዎት። ዛሬ ግን ከዚህ ሳይበሉ አይወጡም።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

እናቴን በሕይወቴ ሰው ፊት ስትበላ አይቻት አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ቆማ፣ እንግዳ ቤት፣ ያውም ሕፃናት እያዩዋት አትበላም። ሰሀኑን ተቀበለች። ዙሪያዋን አየች፤ የምትሄድበት አልነበረም። በመጨረሻ ወደ እኛ ምንጣፍ መጣች፣ ጀርባዋን ለሁላችንም ሰጥታ ግድግዳው ላይ የተሳለው ዓሣ ፊት ተቀመጠች፣ የዒዱን ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ቢስሚላህ ስትል ሰማኋት። መንጋጋዋ ሲንቀሳቀስ ሻሹ ይንቀሳቀሳል። ሰርቆ እንደሚበላ ሰው ነበር የምትበላው፤ ፈጥና፣ ድምፅ ሳታሰማ። ሳቢር ከጀርባዋ ላይ አየኝ።

«አላልኩሽም?» አለች ጣሂራ በሹክሹክታ። «አሁንም ያንቺን እየበላች ነው።»

እንባዬ መጥቶ ነበር። ሰሀኔን አየሁ፣ ባዶነቱን ቀድሜ አየሁ። ከሰኞ ጀምሮ የማልቀመጥበትን ምንጣፍ አየሁ።

የእናቴ እጅ በሻሿ ሥር ወደኋላ ተዘረጋ። ሳትዞር፣ ሳትናገር። ጣቶቿ መካከል ግማሹ ዕንቁላል ነበር፤ ላዩ ላይ ቲማቲም ተለጥፎበታል። እጁ ፊቴ ሲደርስ ቆመ።

ሲስተር አየችው። ምግብ ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ የምታስተምረን እሷ ናት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አፌን ከፈትኩ። ከጣቶቿ ላይ ወሰድኩት፣ ጣቶቿንም ላስኳቸው፤ አመድና ጨው ይሉ ነበር። የወሰደችብኝን እየመለሰችልኝ መሰለኝ። ሌላውንም ግማሽ ሰጠችኝ፤ እሱንም በላሁ።

ከዚያ ይቅር አልኳት።